ቄጤማን ማን ተከለው?

(ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በራዲዮ የተሰጠ ንግግር። ለንባብ እንዲያመች እንደተነገረው ታትሟል።)

 

እናንተ ማንበብ የጀመራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ የዛሬው ንግግራችን የታሪክ ንግግር ነው። ታሪክ ሲባል የነገሥታትና የጦርነት ወሬ ብቻ አይደለም። በቤታችን ወለል ላይ የምንጎዘጉዘው ነገርም ታሪክ አለው። የዛሬው ታሪክ የቄጤማ ታሪክ ነው።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ጤፍን ማን ይዘራዋል? ገበሬ ይዘራዋል። ጎመንን ማን ይተክለዋል? የጓሮው ባለቤት ይተክለዋል። ቄጤማንስ ማን ተከለው?

አሰብ አድርጉ። ቄጤማን የሚያጭድ አለ። የሚሸከም አለ። የሚሸጥ አለ። የሚገዛ አለ። የሚጎዘጉዝ አለ። የሚተክል ግን የት አለ? በወንዝ ዳር በራሱ በቅሎ እናገኘዋለን፤ አጭደን እንሄዳለን። በቃ። እንግዲህ የዛሬው ንግግር ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ሁሉም የሚያጭደው፣ ማንም የማይተክለው ተክል አንድ ቀን ያልቃል። ይህ የፈጠራ ወሬ አይደለም። በሌላ አገር ደርሷል። እንዴት እንደደረሰ ቀጥሎ እናያለን።

ቄጤማ ሣር ነውን?

ብዙ ሰው ቄጤማን «ሣር» ይለዋል። ቄጤማ ሣር ይመስላል እንጂ ሣር አይደለም። ልዩነቱን ለማወቅ ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም። ሁለት ጣት ይበቃል።

የቄጤማን አገዳ፣ አበባው የሚወጣበትን፣ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያዙና አሽከርክሩት። ምን ይሰማችኋል? ጠርዝ ይሰማችኋል። ቁጠሩት፤ ሦስት ጠርዝ አለው። ቢቆረጥ ውስጡ ሙሉ ነው፤ ባዶ አይደለም። አሁን ደግሞ የስንዴ ወይም የገብስ አገዳ ያዙ። እነዚህ የሣር ወገን ናቸው። አገዳቸው ክብ ነው። ውስጡ እንደ ቧንቧ ባዶ ነው። በየመካከሉም አንጓ አለው። ቄጤማ አንጓ የለውም።

ስለዚህ ሣር አንድ ወገን ነው፤ ቄጤማም ሌላ ወገን ነው። የቄጤማ ወገኖች ብዙ ናቸው። አብዛኛዎቹ ውሃ ይወዳሉ፤ በረግረግ፣ በምንጭ ራስ፣ በወንዝ ዳር ይበቅላሉ። ረግረግ ማለት ውሃ የማይለየው፣ ሲረግጡት እግር የሚውጥ መሬት ነው።

ሁለቱን የቄጤማ ዘመዶች ሳታውቋቸው አትቀሩም። አንደኛው እንግጫ ነው። በጳጉሜን ወር በጎጃምና በሌሎችም አገሮች ልጃገረዶች ወደ መስክ ወጥተው እንግጫ ይነቅላሉ፤ ጎንጉነውም ለአዲስ ዓመት ያዘጋጁታል። ሁለተኛው ደንገል ነው። ደንገል የቄጤማ ታላቅ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል። በጣና ሐይቅ ዳር ይበቅላል። እንደ ቄጤማ ሁሉ የደንገልም አገዳ ሦስት ጠርዝ ነው።

የደንገል ታሪክ

አሁን በእጃችሁ ምን ይዛችኋል? ወረቀት ይዛችኋል። እንግሊዞች ወረቀትን «ፔፐር» ይሉታል። ፈረንሳዮች «ፓፒዬ» ይሉታል። ሁለቱም ቃላት የመጡት «ፓፒረስ» ከሚለው ስም ነው። ፓፒረስ ማለት ደንገል ነው። ለምን በደንገል ስም ተጠራ ብትሉ፣ ዛሬ የምናውቀው ወረቀት ከመምጣቱ በፊት የግብፅ ሰዎች የሚጽፉት በደንገል ላይ ስለነበረ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የደንገሉን አገዳ ልጣጭ ይልጡታል። ነጩን የውስጥ ክፍል በቁመቱ በስሱ ይሰነጥቁታል። ስንጣቂዎቹን ጎን ለጎን ይደረድራሉ። በላያቸው ላይ ሌላ ድርድር በአግድም ይጨምራሉ። ከዚያ ይጫኑታል፤ ያደርቁታል። የሚጻፍበት ገጽ ይሆናል።

እስከ ዛሬ ከተገኙት የደንገል ጽሑፎች ጥንታዊ የሆኑት በቀይ ባሕር ዳር፣ ዋዲ አል ጃርፍ በሚባል ቦታ በ2005 ዓ.ም. የተገኙት ናቸው። ዕድሜያቸው ከ4 ሺህ 500 ዓመት ያላነሰ ነው። የጻፋቸው ማን ይመስላችኋል? ንጉሥ አይደለም። ሜሬር የሚባል የሠራተኞች አለቃ ነው። ለታላቁ ፒራሚድ ሥራ ድንጋይ በጀልባ ሲያመላልስ በየቀኑ የሠራውን ይመዘግብ ነበር። ዛሬ የት ሄድን፣ ምን ጫንን፣ የት አደርን ብሎ ጻፈ። የሠራተኛ ሰው ጽሑፍ ይህን ያህል ዘመን ቆየ። እናንተም ዛሬ ስማችሁንና የዕለት ሥራችሁን ስትጽፉ ሜሬር የሠራውን ሥራ እየሠራችሁ ነው።

ታዲያ በዚያ አገር ደንገሉ ምን ሆነ? ከብዙ ዘመን በኋላ ከጨርቅ የሚሠራ ሌላ ወረቀት መጣ። ደንገሉን የሚንከባከበው ሰው ጠፋ። ረግረጉም እየደረቀ እርሻ ሆነ። ቀስ በቀስ ዓለምን በደንገል ላይ መጻፍ ያስተማረው አገር ደንገል አጣ። አያስገርምም?

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ አንድ ማስረጃ ልንገራችሁ። ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ነበረ። «የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ትልቁን ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ ነበር» ብሎ አሰበ። በ1961 ዓ.ም. ይህንን ለማሳየት ጀልባ አሠራ። ጀልባዋ የተሠራችው በግብፅ፣ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ነው። ደንገሉ ግን ከግብፅ አልተገኘም። ከየት መጣ? ከእኛው ከጣና ሐይቅ! የጣናው ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ወደ ግብፅ ተጓዘ።

ያቺ ጀልባ «ራ» ትባል ነበር። ከሰባት አገሮች የመጡ ሰባት ሰዎች ተሳፈሩባት። ባሕሩን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ውሃ እየገባባት ስለተጎዳች ተተወች። ሄየርዳል ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1962 ዓ.ም. ሁለተኛ ጀልባ አሠራ። ይህችም የተሠራችው ከጣና ደንገል ነው። ግንቦት 9 ቀን ከሞሮኮ ተነሣች፤ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። እንግዲህ የጣና ደንገል የአትላንቲክን ውቅያኖስ አቋርጧል ማለት ነው።

በጣና ግን በደንገል ጀልባ መሄድ አዲስ ነገር አልነበረም። የሐይቁ ዳር ሰዎች፣ በተለይም የወይጦ ማኅበረሰብ ባለሙያዎች፣ ከጥንት ጀምሮ ታንኳ ከደንገል ይሠራሉ። ታንኳው ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከሐይቁ እያወጡ ፀሐይ ያሰጡታል። ደንገሉ ካለቀ ታንኳም የለም። ሙያውም አብሮ ይጠፋል።

በግብፅስ ነገሩ እንዲያው ቀረ? አልቀረም። ሐሰን ረጋብ የሚባል ግብፃዊ ነበረ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት ደንገል ከሱዳን አምጥቶ በአገሩ እንደገና ተከለ። የጠፋው ተክል የተመለሰው ሰው ዶማ አንሥቶ ስለተከለው ነው። ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ቄጤማ በቤታችን

አሁን ወደ ቄጤማ እንመለስ። በወለላችን ላይ ለምን እንጎዘጉዘዋለን?

የድሮ ቤት ወለሉ አፈር ነው። እናቶች በእበት ይለቀልቁት ነበር። ቢሆንም አቧራ ይነሣል። እርጥብ ቄጤማ ሲጎዘጎዝበት አቧራው ይተኛል፤ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ደስ የሚል ሽታ ይሸታል። የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ክብር ነው። ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ቤት እንግዳ የሚጠብቅ ቤት ነው። ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር ቄጤማ አለ። ክርስቲያኑ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ይጎዘጉዛል። ሙስሊሙም ለዒድና ለመውሊድ ይጎዘጉዛል። እዚህ ኮልፌ በአንድ አጥር ግቢ ሁለቱም ይኖራሉ፤ ቄጤማውን የሚገዙትም ከአንድ ሻጭ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቄጤማ ሌላም ትርጉም አለው። ከፋሲካ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ቀዳም ሥዑር በሚባለው ቀን፣ ካህናት ለምለም ቄጤማ ለምእመናን ያድላሉ። ምእመናኑም በራሳቸው ላይ ያስሩታል። ነገሩ ከኖኅ ታሪክ ጋር ይያያዛል። ርግቧ ለምለም ቅጠል ይዛ ስትመጣ የጥፋት ውሃ መጉደሉ ታወቀ። ቄጤማውም እንዲሁ የምሥራች ምልክት ነው። የእኛ ክፍለ ከተማ ግማሽ ስሙ «ቀራንዮ» ነው። ቀራንዮ ክርስቶስ የተሰቀለበት ቦታ ስም ነው። በዚያ ስም በሚጠራ አገር በቀዳም ሥዑር ቄጤማ ቢጠፋ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

በሌላም አገር ወለል ላይ መጎዝጎዝ ነበረ። በእንግሊዝ አገር በድሮ ዘመን በየቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ የአፈር ወለል ላይ የረግረግ ተክል ይበትኑ ነበር። በኋላ ወለሉ ድንጋይና ሳንቃ ሆነ፤ ምንጣፍም መጣ። ልማዱ ቀረ። ዛሬ ግራስሚርን በመሳሰሉ ጥቂት መንደሮች በዓመት አንድ ቀን ሕፃናት ያንን ተክል ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ለማስታወሻ ያህል ማለት ነው። የእኛም ቄጤማ ለማስታወሻ ብቻ እንዲቀር እንፈልጋለን?

ውሃው የት ሄደ?

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ የተቀመጡት በእንጦጦ ነበር። ወደ ታች የወረዱት ፍልውሃውን ወደው ነው። ስለዚህ ከተማችን በውሃ ምክንያት የተመሠረተች ከተማ ናት። ከእንጦጦ የሚወርዱት ምንጮችና ጅረቶች ብዙ ነበሩ። በየጅረቱ ዳር መስክና ረግረግ ነበር። ከብት ይሰማራበታል። ቄጤማም ይበቅልበታል።

ኮልፌ ቀራንዮ በከተማው ምዕራብ ነው። የዚህ አካባቢ ጅረቶች ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ። የቀድሞው ሰው ቄጤማ ሲፈልግ ገበያ አልሄደም። ማጭድ ይዞ ወደ ጅረቱ ወረደ።

ከዚያ ከተማው አደገ። ቁጥሩን ተመልከቱ። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከ1 ሚሊዮን 4 መቶ ሺህ በላይ ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን 7 መቶ ሺህ በላይ ሆነ። በ23 ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህ ሁሉ ሰው ቤት ያስፈልገዋል፤ መንገድ ያስፈልገዋል። መስኩ ቤት ሆነ። ረግረጉ በአፈርና በድንጋይ ተሞላ። ባሕር ዛፍም በየጋራው ተተከለ። ባሕር ዛፍ ማገዶና አጠና ይሰጣል፤ ጥቅሙን አንክድም፤ ነገር ግን ውሃ በብዛት ይጠጣል። የቀሩትም ወንዞች ከቤትና ከፋብሪካ በሚወጣ ቆሻሻ ተበከሉ። በ2011 ዓ.ም. የከተማውን ወንዞች ዳርቻ የማጽዳትና የማስዋብ ሥራ ተጀምሯል። መልካም ነው። ቢሆንም ቆሻሻ ከተጣለበት ወንዝ ዳር የታጨደ ቄጤማ፣ ሕፃናት በሚድሁበት ወለል ላይ የሚጎዘጎዝ አይደለም።

ስለዚህ የዛሬው ቄጤማ ከሩቅ ይመጣል። በበዓል ዋዜማ በሌሊት ተሸክመው የሚመጡትን እናቶች አይታችኋል። ቄጤማው ሲርቅ ድካማቸው ይጨምራል፤ ዋጋውም ይጨምራል። በአንዳንድ ቤት ደግሞ የፕላስቲክ ሣር ይነጠፋል። ፕላስቲኩ አረንጓዴ ነው። ግን አይሸትም፤ አይቀዘቅዝም፤ ምሥራችም አያወራም።

የእማማ ቄጤማ

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። «እማማ» ነው የምንላቸው። ከግቢያቸው ቧንቧ አጠገብ፣ ከኮባው ጥላ ሥር፣ የበር ስፋት የምታህል ለምለም ቄጤማ አለቻቸው። አንድ ቀን «እማማ፣ ይህን ማን ተከለልዎት?» አልኳቸው።

ሳቁና «ልጄ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ቄጤማ ይታጨድ ነበር እንጂ ይገዛ ነበር እንዴ?» አሉኝ። «አንድ የፋሲካ ዋዜማ የገዛሁትን እስር ስፈታ መሐሉ ላይ ሥር ያለው አንድ ጭብጥ አገኘሁ። መጣል አሳዘነኝ። ቧንቧው የሚያንጠባጥብበት ቦታ ቀበርኩት። በቃ፣ ያዘ።»

እኔም ቀናሁ። ጥቂት ሰጡኝና ወስጄ ተከልኩ። ደረቀብኝ! ለምን? ጥፋቱ የራሴ ነበር። የተከልኩት በጥር ወር፣ በበጋ ነው። ቦታውም ከግንብ ጀርባ፣ ፀሐይ ከቶ የማያየው ነው። ውሃም በሦስት ቀን አንዴ ነበር የማጠጣው። አስተማሪ ነኝ እያልኩ ሳልጠይቅ ተከልኩ። በሁለተኛው ዓመት እማማን ጠይቄ ተከልኩ፤ ያዘልኝ። ከእሳቸው የተማርኩትንና እኔም ያየሁትን እነሆ።

አንደኛ፣ ጊዜው። ሰኔ መልካም ነው። ክረምቱ ራሱ ያጠጣላችኋል።

ሁለተኛ፣ ቦታው። ግማሽ ጥላ ይሁን። የጧት ፀሐይ የሚያገኝ፣ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ የማያቃጥለው ቦታ ማለት ነው። ከቤቱ በስተምሥራቅ ያለው ጎን ወይም የኮባ ሥር ይስማማዋል። በመጠነኛ ጥላ ቅጠሉ ይረዝማል፤ ይለሰልሳል። ጥላው ድቅድቅ ከሆነ ግን ይቀጥናል፤ ይወድቃል።

ሦስተኛ፣ አፈሩ። አንድ ተኩል ስንዝር፣ ማለትም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ከበሰለ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱበት። አፈራችሁ ውሃ የማይዝ ከሆነ ከጉድጓዱ ሥር አሮጌ ላስቲክ አንጥፉ። ላስቲኩን በጥቂት ቦታ ብሱት፤ ትርፉ ውሃ ይውጣ።

አራተኛ፣ ተከላው። ቄጤማውን ከነሥሩ ከፋፍሉት። እያንዳንዱ ክፍል ሥርና ቡቃያ ይኑረው። ቅጠሉን አሳጥሩ። በአንድ ስንዝር ርቀት ትከሉ። አፈሩን በእጅ ጫን አድርጉ።

አምስተኛ፣ ውሃው። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን። ምስርና አትክልት የታጠበበትን ውሃ አፍስሱበት፤ ይጠቅመዋል። የሳሙና ውሃ ግን አታፍስሱ። ውሃም ከላዩ እንዲቋጥር አታድርጉ፤ የተኛ ውሃ ትንኝ ያራባል።

ስድስተኛ፣ አጨዳው። አንድ ዓመት ታገሡት። ከዚያ በኋላ ከመሬት አራት ጣት ያህል አስቀርታችሁ እጨዱ። አትንቀሉ! ሥሩ ከቀረ እንደገና ያበቅላል። አጨዳውም በፈረቃ ይሁን፤ ዛሬ ግማሹን፣ ሌላ ጊዜ ግማሹን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እንግጫን ከአትክልት መካከል አትትከሉ። በመሬት ውስጥ በሚያፈራቸው ትናንሽ ኮረቶች ይራባል፤ አንዴ ከገባ አይወጣም። ለመትከልም ብላችሁ ከወንዝ ዳር ያለውን ሁሉ ነቅላችሁ አትውሰዱ። አንድ ጭብጥ ይበቃል። የቄጤማ ሥር የወንዙን ዳር አፈር በጎርፍ እንዳይሄድ ይይዛል።

ጓሮ የሌላችሁ ትሉ ይሆናል፤ «እኛስ?» ብላችሁ። በአሮጌ ባልዲ ወይም በተቀደደ ሳፋ ይተከላል። ለአንድ ረከቦት የሚሆን ይወጣዋል።

ማጠቃለያ

እስቲ ያልነውን እንከልስ። ቄጤማና ደንገል አንድ ወገን ናቸው። በግብፅ ሁሉም ተጠቀመበት፤ ጠባቂ ሲያጣ ጠፋ፤ አንድ ሰው ሲተክለው ተመለሰ። በእኛም ሰፈር ረግረጉ ጠፋ፤ ቄጤማው ራቀ። እማማ ግን አንድ ጭብጥ ተከሉ።

ከእማማ ቄጤማ የእኔ ተወለደ። ከእኔም ሁለት ጎረቤቶች ወስደዋል። ባለፈው ቀዳም ሥዑር ጧት እማማ ማጭዳቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወረዱ። «አሁን እንደ ልጅነቴ አጨድኩ» አሉ። ከዚያ ግማሹን ለሙስሊሟ ጎረቤታቸው ሰጧቸው። «ለቡናሽ» አሏቸው።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ልጃችሁ «ቄጤማን ማን ተከለው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ ምን ትመልሱለታላችሁ? ሰኔ ሲመጣ ዶማ አንሡ። ያን ጊዜ «እኔ» ብላችሁ ትመልሳላችሁ።

ደህና ሁኑ።

ለንባብ ቡድን ጥያቄዎች፦
1. ቄጤማና ሣር በምን ይለያሉ? አገዳቸውን በእጃችሁ ይዛችሁ አሳዩ።
2. የሄየርዳል ጀልባዎች ደንገል ከየት መጣ? ለምን?
3. በሰፈራችሁ ድሮ ቄጤማ የሚታጨድበት ቦታ የት ነበር? ሽማግሌ ጠይቁና በሦስት መስመር ጻፉ።